ደም ስለ ወንድ መካንነት የሚናገረውና የማይናገረው

በጎርጎርሮሳውያኑ 2024 ክረምት ላይ በቶኪዮ የቶሆ ዩኒቨርሲቲ የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ መራቢያ አካላት ሕክምና) ክፍል ተመራማሪዎች፣ በዶክተር ሂደዩኪ ኮባያሺ መሪነት፣ ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ የሚለው ባጭሩ፣ የአንድን ወንድ የዘር ፈሳሽ ሳይመረምሩ፣ ከክንዱ በተቀዳ ደም ውስጥ ያሉትን ሆርሞኖች ብቻ ለክቶ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በማስላት የመካንነት ስጋቱን መገመት ይቻላል ነው። ዜናው በየአገሩ ተሠራጭቶ ወደ እኛም ሲደርስ፣ ብዙ ሰው የተረዳው ግን ከዚህ ያለፈ ነገር ነበር፤ ከእንግዲህ ወንዶች የዘር ፈሳሽ መስጠት አያስፈልጋቸውም፣ ደም ይበቃል ተብሎ ተወራ። በላቦራቶሪ ሥራ የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ ይህን ጥያቄ ከታካሚዎች ደጋግሜ ስለምሰማ፣ ደም በዚህ ጉዳይ ምን ሊነግረን እንደሚችልና የት ላይ ዝም እንደሚል የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ በሆነ ወቅት ልጅ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ችግሩ የሚባለውም ጥንዶች ያለ መከላከያ ለአንድ ዓመት አብረው ኖረው እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ከእነዚህ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተዳምሮ፣ የወንዱ ድርሻ አለበት። ይህ እየታወቀ በእኛ አገር ምርመራው የሚጀመረው ከሴቷ ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያልቃል። በምሠራበት ላቦራቶሪ መስኮት ላይ አንዲት ሴት ቀርባ ከቦርሳዋ የምታወጣው የወረቀት ክምር ይህን በግልጽ ያሳያል፤ የማህፀን ቱቦ ራጅ፣ ከየክሊኒኩ የተሰበሰበ አልትራሳውንድ፣ በየወሩ የተደጋገመ የሆርሞን ውጤት፣ ከዚያም ላይ ወራት ፈጅታ የዋጠችው መድኃኒት ማዘዣ። ከክምሩ ውስጥ የባሏ ስም ያለበት አንድም ወረቀት አይገኝም።

ባልየው በመጨረሻ ሲመጣ ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘለት ሁለት ነገር ነው፤ ደምና የዘር ፈሳሽ። በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚበልጡ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክንዳቸው ጠቅልለው፣ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነችውን የናሙና ዕቃ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ መለስ አደረጓትና፣ “ልጄ፣ ደሜን የፈለግኸውን ያህል ቅዳ፤ ይቺን ግን ተዋት” አሉኝ። “እሺ ጋሼ፣ በደሙ እንጀምር” አልኳቸው። እንዲህ ማለታቸው አይገርመኝም። ብዙ ወንዶች ዕቃዋን የሚሸሹት በግትርነት ሳይሆን፣ ናሙናው የሚሰጥበት መንገድ ከሃይማኖታቸው ጋር ስለሚጋጭ፣ ክፍሉ ከመተላለፊያው በስስ ግድግዳ ብቻ የተለየ ስለሆነ፣ ውጤቱም በወንድነታቸው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ስለሚመስላቸው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በደም የሚጀምር ምርመራ ትልቅ በር ይከፍታል። ጥያቄው በሩ የት ድረስ ያስገባል የሚለው ነው።

ደሙ ስለ ዘር ፍሬ ሊናገር የሚችልበትን ምክንያት ለመረዳት ከአንጎል ሥር ከምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ መጀመር ይኖርብናል። ይህች ዕጢ ከምታመነጫቸው መካከል የዘር ፍሬን የሚያዙ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትልካለች። አንደኛው ኤፍኤስኤች ሲሆን፣ በዘር ፍሬ ውስጥ ስፐርምን፣ ማለትም የወንዱን የዘር ሕዋስ፣ ተንከባክበው የሚያሳድጉትን ሰርቶሊ የተባሉ ሕዋሶች ያነቃቃል። ሁለተኛው ኤልኤች ሲሆን፣ ሌይዲግ የተባሉትን ሕዋሶች ዋናውን የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮንን፣ እንዲያመርቱ ያዝዛል። ሰርቶሊ ሕዋሶች ሥራቸው በተቃና ጊዜ ኢንሂቢን ቢ የተባለ ሌላ ሆርሞን ያመነጫሉ፤ እርሱም በደም ተጉዞ ፒቱታሪ ዘንድ ሲደርስ የኤፍኤስኤችን መጠን ይገታል። የስፐርም ማምረቻው ሲጎዳ ኢንሂቢን ቢ ይቀንሳል፤ የሚገታው ነገር ያጣው ኤፍኤስኤችም ከፍ ይላል። ጠርቶ መልስ ያጣ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጣራ ሁሉ፣ ፒቱታሪም ምላሽ ከማይሰጠው የዘር ፍሬ መልስ ለማግኘት ትእዛዟን ታበዛለች። ስለዚህ ከፍ ያለ ኤፍኤስኤች ራሱ በሽታ ሳይሆን፣ ማምረቻው መዳከሙን የሚጠቁም ምልክት ነው።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። ኤፍኤስኤች በሊትር ከ7.6 ዩኒት በላይ ከሆነና የዘር ፍሬው ርዝመት ከ4.6 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ በዘር ፈሳሹ ውስጥ ስፐርም ያልተገኘበት ሰው ችግሩ የቱቦ መዘጋት ሳይሆን የማምረቻው መድከም የመሆኑ ዕድል 90 በመቶ ገደማ እንደሆነ ዩሮሎጂስቶች ከቶሆው ጥናት ሃያ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ጃፓናውያኑ የጨመሩት ነገር፣ ይህን በሐኪም ልምድ ይገመት የነበረ ነገር በብዙ ሰዎች ውጤት ላይ በኮምፒውተር አሠልጥነው ቁጥር መስጠታቸው ነው።

ቁጥሮቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ ከ2011 እስከ 2020 ድረስ ለመካንነት ምርመራ መጥተው ደምም የዘር ፈሳሽም የሰጡ የ3,662 ወንዶችን ውጤት ሰበሰቡ። ለኮምፒውተሩ የሰጡት ዕድሜን፣ ኤልኤችን፣ ኤፍኤስኤችን፣ ፕሮላክቲንን (ይህም ከፒቱታሪ የሚወጣ ሌላ ሆርሞን ነው)፣ ቴስቶስትሮንን፣ ኢስትራዲዮልን (በወንድም ደም ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘውን የሴት ሆርሞን)፣ እንዲሁም ቴስቶስትሮን ለኢስትራዲዮል ሲካፈል የሚገኘውን ምጣኔ ብቻ ነው። ጤናማና ጤናማ ያልሆነውን የለዩበት ወሰን የሚንቀሳቀሱት ስፐርሞች ጠቅላላ ብዛት 9.408 ሚሊዮን ነው። ይህ እንግዳ የሚመስል ቁጥር የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ላይ ካሉት ዝቅተኛ ወሰኖች የመጣ ነው፤ 1.4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከዚያ ውስጥ 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ፤ ሦስቱ ሲባዙ የሚሰጡት እርሱን ነው። ከሆርሞኖቹ ሁሉ ለግምቱ ከፍተኛውን ክብደት የያዘው፣ ከሌሎቹ በብዙ ርቆ፣ ኤፍኤስኤች ሆነ። ሁለተኛው የቴስቶስትሮንና የኢስትራዲዮል ምጣኔ፣ ሦስተኛው ኤልኤች ነው።

በየዜናው የተጻፈው 74 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ብዙዎች ከመቶ ሰው የ74ቱን ውጤት በትክክል ይናገራል ብለው ተረድተውታል። ቁጥሩ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። አንድ ጤናማና አንድ ችግር ያለበት ወንድ በዕጣ ቢመረጡ፣ መሣሪያው ችግር ላለበት ሰው ከፍ ያለውን የስጋት ነጥብ የሚሰጥበት ዕድል ከመቶ 74 ገደማ ነው ማለት ነው። ያለ ምንም ዕውቀት በዕጣ ብቻ ቢገመት 50 ይገኛል፤ ፍጹም መሣሪያ ቢሆን 100 ይሆን ነበር። 74 ጠቃሚ ነው፤ አንድን ሰው አንተ ጤናማ ነህ ብሎ ወደ ቤቱ ለመስደድ ግን በፍጹም አይበቃም።

ከፍተኛ ትኩረት የሳበው ሌላው ውጤት፣ መሣሪያው በ2021 እና በ2022 ውጤቶች ላይ ሲፈተን፣ የማምረቻ ድክመት ያስከተለው የስፐርም አለመኖር ያለባቸውን ወንዶች በሙሉ፣ ማለትም 100 በመቶ፣ ችግር አለባቸው ብሎ መለየቱ ነው። ይህ በእውነት የሚያስደስት ነው፤ ከሁሉ የከፋውን ሁኔታ አያልፍም ማለት ነውና። ነገር ግን አባባሉ ሲገለበጥ እውነት አይሆንም። መሣሪያው ያስጠነቀቃቸው ሁሉ ይህ ችግር አለባቸው ማለት አይደለም።

መሣሪያው የሠለጠነባቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከ3,662ቱ መካከል ጤናማ ውጤት የነበራቸው 1,333 ብቻ ናቸው፤ ከሦስት ሁለቱ ገደማ ችግር ያለባቸው ናቸው ማለት ነው፤ ልጅ አጥተው ወደ ልዩ ክሊኒክ የሄዱ ሰዎች ስለሆኑ ይህ የሚጠበቅ ነው። ምንም ስፐርም የማይገኝባቸው ወንዶች በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ከመቶ አንድ ገደማ ሲሆኑ፣ በመካንነት ክሊኒኮች ግን ከመቶ 10 እስከ 15 ይደርሳሉ። አንድ ዓይነት የደም ውጤት ልጅ ፍለጋ ዓመታት ባሳለፈ ሰውና ገና ለማግባት በሚያስብ ወጣት ላይ ሲገኝ ትርጉሙ አንድ አይሆንም። ስለዚህ ለጋብቻ ቅድመ ምርመራ ተብሎ ለሁሉም ወጣት ኤፍኤስኤች እንዲለካ የሚሰጠውን ምክር አልደግፍም፤ ከሚጠቅመው ይልቅ በከንቱ የሚያስደነግጠው ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደም ዝም ወደሚልበት ልሂድ፤ ለእኔ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነውና። ከጃፓናውያኑ ታካሚዎች 448ቱ በማምረቻው ድክመት ምክንያት ስፐርም ያልተገኘባቸው ሲሆኑ፣ 210ሩ ደግሞ የዘር ፍሬያቸው ሥራውን እየሠራ ሳለ መውጫ ቱቦው በመዘጋቱ ብቻ ስፐርም ያልታየባቸው ናቸው። የእነዚህኞቹ ሰርቶሊ ሕዋሶች ደህና ስለሆኑ ኢንሂቢን ቢ በአግባቡ ይመነጫል፣ ፒቱታሪም የምትጨነቅበት ነገር የለም፣ ኤፍኤስኤችም አብዛኛውን ጊዜ በልኩ ነው። የመዘጋቱ ምክንያት በጊዜው ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ፣ የልጅነት የቡአ ቀዶ ጥገና፣ የዘር ቱቦን የያዘ ቲቢ፣ ወይም ከተፈጥሮ ቱቦው ሳይፈጠር መቅረቱ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ፣ በደም ውጤቱ ብቻ ደህና ነህ ተብሎ የሚሰናበተው ይህ ሰው በሕክምና ልጅ የማግኘት ተስፋው ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለው መሆኑ ነው። ስፐርሙ በመርፌ ከዘር ፍሬው ወይም ከአጠገቡ ካለው ቱቦ ሊቀዳ ይችላል፤ በ1992 በብራስልስ ውጤቱ ይፋ በሆነው ዘዴ መሠረትም አንድ ስፐርም በቀጭን መርፌ ወደ አንድ እንቁላል ውስጥ ገብቶ ፅንስ ሊጀመር ይችላል። የዘር ፈሳሹ ካልታየ ግን ይህን በር የሚያንኳኳለት የለም።

ሌላም አለ። የስፐርም ዕድገት መጨረሻው ላይ ሳይደርስ መሐል ላይ የሚቆምባቸው ወንዶች፣ ምንም ስፐርም ባይወጣቸውም፣ ኤፍኤስኤቻቸው ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብዛቱ በቂ ሆኖ እንቅስቃሴው የደከመ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ስፐርም ያላቸውም እንዲሁ። ከስፐርሙ መንቀሳቀስና አለመንቀሳቀስ ጋር የተያያዘውን ነገር ከማይክሮስኮፕ ሥር ካላዩት በቀር የትኛውም ሆርሞን በአስተማማኝ ሁኔታ አይነግርም።

በአንጻሩ ኤፍኤስኤች ከፍ ያለበት ሰውም ነገሩ አከተመ ተብሎ ሊነገረው አይገባም። በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ ዶክተር ፒተር ሽሌገል ባስተዋወቁት ዘዴ፣ የዘር ፍሬው በቀዶ ጥገና ማይክሮስኮፕ ሥር ተከፍቶ ስፐርም የሚያመርቱ ጥቃቅን ቦታዎች ይፈለጋሉ፤ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ወንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ጥቂት ስፐርም ይገኛል። ስፐርም ይገኝ እንደሆነ አስቀድሞ ለመገመት ከሆርሞን የበለጠ ቁርጥ ያለ ቃል የሚሰጠው ሌላ የደም ምርመራ ነው፤ እርሱም የክሮሞዞም ምርመራ ነው። ዋይ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ኤ እና ቢ የተባሉት አካባቢዎች ሙሉ በሙሉ የተቆረጡበት ሰው ላይ ቀዶ ጥገናው ስፐርም አያስገኝም ማለት ይቻላል፤ ሲ የተባለው ብቻ ከሆነ የጎደለው ግን ተስፋ አለ። ኤክስ ክሮሞዞም ተጨምሮላቸው የሚወለዱት፣ በ1942 ሁኔታውን በገለጸው ሐኪም ስም ክላይንፌልተር የሚባሉት ወንዶች ደግሞ ከ500 እስከ 600 ወንዶች አንዱ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ልጅ አጥተው እስኪመረመሩ ድረስ ማንም አያውቅላቸውም። ኤፍኤስኤችና ኤልኤች ከፍ ብለው፣ ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ፣ የዘር ፍሬው ትንሽና ጠንካራ ሆኖ ሲገኝ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። እነዚህ ምርመራዎች ውድ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ያለውን ሸጦ ከንቱ ቀዶ ጥገና ውስጥ ከመግባቱ በፊት መደረግ አለባቸው።

ስለ ኤፍኤስኤች ከፍታ ብዙ ስለሚወራ ዝቅታው ይረሳል፤ ከፍ ካላለ ደህና ነው የሚለው አነባበብም አደገኛ ነው። ኤፍኤስኤችና ኤልኤች ሁለቱም በጣም ዝቅ ብለው፣ ቴስቶስትሮንም ዝቅ ካለ፣ ጥፋቱ ያለው ከዘር ፍሬው ሳይሆን ከላይ ትእዛዝ ከሚሰጠው ክፍል ነው። ፕሮላክቲን አብሮ ከፍ ካለ ፒቱታሪ ላይ የበቀለ እብጠት፣ ወይም ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ወይም ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ መንስኤ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ዓይነቱ መካንነት በመድኃኒት ሊታከም ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ፣ የደም ምርመራው ከሁሉ የላቀ ውለታ የሚውለው እዚህ ላይ ነው። የጎደለው ሆርሞን በመርፌ ሲተካ፣ ወራት የሚፈጅ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ስፐርም ማምረት ይጀምራሉ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘና በየጊዜው እየበዛ ሲመጣ የማየው ነገር አለ። በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ጡንቻቸው የዳበረ ወጣቶች ናቸው። የደም ውጤታቸው ሲወጣ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ከመለኪያው ወለል በታች፣ ቴስቶስትሮኑ ደግሞ ከጣሪያው በላይ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያየ የላቦራቶሪ ባለሙያ ታካሚው በስፖርት ቤት አካባቢ የተሸጠለትን ቴስቶስትሮን እየተወጋ መሆኑን ይጠረጥራል። ከውጭ የገባው ሆርሞን ፒቱታሪን በቃኝ ያሰኛታል፤ ትእዛዙ ሲቋረጥ የዘር ፍሬው ሥራ ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለወንዶች የእርግዝና መከላከያነት ፈትኖት በ1990 ባሳተመው ውጤት፣ በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ከተወጉት ጤናማ ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት በስድስት ወር ውስጥ ምንም ስፐርም አልተገኘባቸውም። ወንድነትን ይጨምራል ተብሎ የሚሸጥ መርፌ የመውለድ አቅምን የሚያጠፋ መሆኑን ከመርፌው ሻጭ የሚሰማ ወጣት የለም። መርፌው ሲቆም አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይመለሳሉ፤ ለዓመታት የተጠቀሙት ግን ረጅም ጊዜ ይወስድባቸዋል። ይባስ ብሎ ልጅ ያጣና ድካም የሚሰማው ሰው ቴስቶስትሮንህ አንሷል ተብሎ ይኸው መርፌ ሲታዘዝለት አይቻለሁ፤ ልጅ ለሚፈልግ ሰው ይህ የተከለከለ ነው።

ከውጤቱ በፊት ያለው የናሙና አወሳሰድም ቸል የሚባል አይደለም። ቴስቶስትሮን በማለዳ ከፍ ብሎ ቀኑ ሲገፋ ስለሚቀንስ፣ ደሙ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምግብ ሳይበላ ቢቀዳ ይመረጣል፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘም በሌላ ቀን ሳይደገም መደምደሚያ አይሰጥበትም። ፕሮላክቲን በድንጋጤና በመርፌ ፍርሃት ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በየፋርማሲው የሚሸጠው ባዮቲን ደግሞ በብዙ የሆርሞን መለኪያ ማሽኖች አሠራር ውስጥ ጣልቃ ይገባል፤ በአንዳንድ ማሽኖች ኤፍኤስኤችንና ኤልኤችን ከእውነታው ዝቅ፣ ቴስቶስትሮንንና ኢስትራዲዮልን ደግሞ ከእውነታው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ባዮቲን የሚውጥ ምስኪን ሰው በዚህ የተነሣ ቴስቶስትሮን እንደሚወጋ ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ደም የሚቀዳው ባለሙያ ምን እየወሰድክ ነው ብሎ መጠየቅ፣ ታካሚውም ሳይሸሽግ መናገር ይገባዋል። የመለኪያ አሃዱም መታየት አለበት። አንዱ ላቦራቶሪ ቴስቶስትሮንን በናኖግራም በዴሲ ሊትር፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር ይጽፋል፤ 300 የሚለው የመጀመሪያው ከ10.4 የሁለተኛው ጋር እኩል ነው። ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ቴስቶስትሮኔ በአንድ ወር ሠላሳ እጥፍ ወረደ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አጋጥሞኛል።

ስለ ቴስቶስትሮንና ኢስትራዲዮል ምጣኔ ባጭሩ ልበል። ስብ ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትራዲዮል የሚቀይር ኤንዛይም አለው፤ ስለዚህ ሆዱ የገፋ ሰው ምጣኔው ይወርዳል። ቴስቶስትሮን በናኖግራም በዴሲ ሊትር ተለክቶ በፒኮግራም በሚሊ ሊትር ለተለካው ኢስትራዲዮል ሲካፈል ከ10 በታች ከሆነ ዝቅ ያለ ይባላል። ክብደት መቀነስ የሚያሻሽለው ቁጥር ስለሆነ ለታካሚው መንገር ይጠቅማል።

እንግዲህ ያ ዕቃዋን የመለሰ ሰው ምን ያድርግ? በደም መጀመሩ መልካም ነው፤ እዚያው ላይ ማብቃቱ ግን አይሆንም። ኮባያሺም ራሳቸው መሣሪያቸውን ያቀረቡት ከዘር ፈሳሽ ምርመራ በፊት እንደሚደረግ የመጀመሪያ ማጣሪያ እንጂ እንደ ምትክ አይደለም። በግል ሊሰጥ የሚችልበት መንገድም አለ። ስፐርምን የሚገድል ቅባት የሌለው፣ ለናሙና ተብሎ የተዘጋጀ ልዩ ኮንዶም ከሚስቱ ጋር በቤቱ ሆኖ ሊጠቀም ይችላል፤ የተለመደው ኮንዶም ግን ስፐርሙን ስለሚጎዳ አይሆንም። ከግንኙነት ተቆጥቦ የሚቆይበት ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ነው። ናሙናው ከቤት የሚመጣ ከሆነ፣ ብርድ እንዳያገኘው በውስጥ ኪስ ከሰውነት ተጠግቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚፈታ ባሎችን አይቻለሁ፤ የሃይማኖት አባታቸውን ጠይቀው የተመለሱም አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የወጣ መጥፎ ውጤትም ፍርድ አይደለም፤ ስፐርም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት፣ የዛሬው ናሙና የሚያሳየው ከዚያ በፊት የነበረውን ትኩሳት፣ ወባ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል መከፈቱ፣ እነዚህን ምርመራዎች ለሀብታም ብቻ ሳይሆን ለብዙኃኑ ለማቅረብ የተደረገ ትልቅ እርምጃ ነው። ከጃፓን የመጣው ሐሳብ ለእኛም እንዲሠራ ከተፈለገ ግን የጃፓናውያንን ስሌት እንዳለ መገልበጥ አይበቃም። የእኛ ታካሚዎች በአማካይ የሚመጡበት ዕድሜ፣ ክብደታቸው፣ ያሳለፉት ኢንፌክሽን የተለየ ነው። የኢንፌክሽን ጠባሳ ብዙ ባለበት አገር የቱቦ መዘጋት ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል፤ ደም የማያየው ደግሞ ያንኑ ነው። የሚያስፈልገን ውጤት ግን ከሞላ ጎደል በየላቦራቶሪው መዝገብ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል፤ ጉድለቱ የአንድ ሰው ደምና የዘር ፈሳሽ ውጤት በአንድ ቁጥር አብሮ አለመቀመጡ ነው። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ስምን ከውጤቱ ለይቶ፣ ሁለቱን ናሙናዎች በአንድ መለያ ቁጥር አያይዞ፣ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት፣ የማሽኑን ዓይነት፣ የመለኪያ አሃዱን፣ የታካሚውን ክብደትና ቀደም ሲል ያሳለፈውን የአባላዘር በሽታ፣ ቲቢ ወይም ቀዶ ጥገና አብሮ ቢመዘግብ፣ የራሳችንን ወሰን ለማውጣት የሚያስችል መረጃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሰበሰባል። እኔ በምሠራበት ቦታ ቅጹ ላይ እነዚህ መስመሮች እንዲጨመሩ ጠይቄ፣ የክብደቱና የሰዓቱ መስመር ገብቷል፤ የቀሩት ገና ናቸው።